ጥቂት ንዋይ በብዙ እጅ፤ ስለ አነስተኛ የልማት ድጎማና ስለ ነዋሪው ኀላፊነት በወልድያ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



አንድ መንደር ምንጩን አጥሮ ንጹሕ ውሃ ለመቅዳት፣ አንድ ቀበሌ ጎርፍ የወሰደውን መሻገሪያ መልሶ ለመሥራት፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚያፈሰውን ጣሪያ ለመክደን በተነሣ ጊዜ፣ ጉልበቱን ከራሱ፣ ድንጋዩን ከወንዙ፣ እንጨቱን ከጓሮው፣ ምክሩን ከሽማግሌዎቹ አግኝቶ ሳለ፣ ለሲሚንቶ፣ ለብረት፣ ለቆርቆሮና ለቧንቧ መግዣ በምትጎድል ጥቂት ገንዘብ ምክንያት ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ማየት በአገራችን የተለመደ ነው። ይህችን የጎደለችውን ጥቂት ገንዘብ ለሕዝቡ በቀጥታ ሰጥቶ፣ ሥራውን ራሱ እንዲመራው፣ ሒሳቡንም ራሱ እንዲያስረዳ ማድረግ አነስተኛ የልማት ድጎማ ይባላል፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው። የምደርስበትን ነገር አስቀድሜ ልግለጽ፦ ድጎማው ፍሬ የሚያፈራው ከገንዘቡ ጋር የመወሰን ሥልጣንና የሒሳብ ኀላፊነት አብረው ለነዋሪው ሲሰጡ ነው። ገንዘቡ ተሰጥቶ ሥልጣኑ ከተያዘ ምጽዋት ይሆናል፤ ሥልጣኑ ተሰጥቶ ገንዘቡ ከተከለከለም ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ይህን ነገር በወልድያ መናገር ምክንያት አለው። ወልድያ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ወደ ደቡብ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ፣ ወደ ሰሜን በቆቦ አድርጎ ወደ መቀሌ፣ ወደ ምዕራብም የድልብን አቀበት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ ከዚህ ይነሣል። በእነዚህ መንገዶች ላይ በ1966 ዓ.ም. አካባቢና በ1977 ዓ.ም. በደረሱት የረኀብ ዘመናት የእርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች ተመላልሰዋል፤ ያ እህል የብዙ ሰው ነፍስ ማትረፉን የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን የዚህ አገር ሰው እርዳታን ከዳር ሆኖ ከሚያጠናው ሰው ይልቅ ስለሚያውቀው፣ ነፍስን የሚያተርፈው እርዳታ ኑሮን ለመለወጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ከሄደ በኋላ በስፍራው የሚቀረው የሕዝቡ ኅብረትና ዕውቀት ብቻ መሆኑን በራሱ ኑሮ ተረድቶታል። ስለዚህ ስለ ድጎማ ስንነጋገር መጀመር ያለብን ከሰጪው ቢሮ ሳይሆን ከተቀባዩ ማኅበር ነው።

ያ ማኅበር ደግሞ በእኛ ዘንድ አዲስ የሚመሠረት ነገር አይደለም። በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ተብሎ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በብዙ ስፍራ በአንድ መዝገብ ተጽፈው፣ የአንዱን ሬሳ ሌላው ተሸክሞ፣ የአንዱን ኀዘን ሌላው ተካፍሎ የሚኖሩበት ጽኑ ሥርዓት ነው፤ ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረውን አባል የሚቀጣበት ደንብ አለው፣ ሒሳቡንም በአባላቱ ፊት ያነባል። ከእርሱ ጋር ደቦና ወንፈል የእርሻን ሥራ ያቃናሉ፤ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ሰደቃና ዘካም በመስጊድ ዙሪያ ያለው ለሌለው የሚያካፍልበትን ልማድ ጠብቀው ኖረዋል፤ አባጋሮችም ደም የተቃቡትን ያስታርቃሉ። ይህ ሁሉ ያለ አንዳች የጽሕፈት ቤት ትእዛዝ የቆመ የሕዝብ አስተዳደር ነው። አንድ ልማት ሰጪ ወደ መንደር ገብቶ ሕዝቡን «ላደራጃችሁ» ሲል፣ ተደራጅቶ የሚኖረውን ሕዝብ እንዳልተደራጀ መቍጠሩ ነውና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ስሕተት ማረም ይገባል።

በአቅራቢያችን ባለው በሀብሩ ወረዳ ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርብ ምስክር እናገኛለን። ከመርሳ ዙሪያ እስከ ግራና ሸለቆ ባለው ምድር ብርቱካኑ፣ ማንጎውና ፓፓያው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚለማው ከወንዝና ከምንጭ በሚጠለፍ ውሃ ነው፤ ይህንም ውሃ በዘልማድ የሚያስተዳድረው ባለውሃዎቹ ራሳቸው የመረጡት የውሃ አባት ነው። የውሃ አባቱ ተራውን ይደለድላል፤ ቦዩ በደለል በተሞላ ጊዜ ሁሉንም ለጠረጋ ያስወጣል፤ ያለ ተራው ሌሊት ውሃ የሰረቀውን ሰው ያስቀጣል፤ በላይኛውና በታችኛው ባለመሬት መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜም በዳኝነት ይቀመጣል። ሥልጣኑ የሚጸናው ተጠቃሚዎቹ ስለመረጡት ነው፤ ቢያዳላም የሚሽሩት እነርሱ ናቸው። መንግሥት በሲሚንቶ የሠራው ዘመናዊ ጠለፋ በሚተከልበት ጊዜ እንኳ፣ ውሃው በሰላም የሚከፋፈለው ይህ አሮጌ ሥርዓት በአዲሱ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውስጥ ስፍራ ባገኘበት መጠን ነው።

የውጭው ዓለም ሊቃውንትም ወደዚሁ እውነት በጥናት ደርሰዋል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በስዊዘርላንድ ተራራዎች ያሉትን የጋራ ግጦሾች፣ የጃፓንን የመንደር ደኖች፣ የስፔንንና የፊሊፒንስን የመስኖ ማኅበራት መርምራ፣ ተጠቃሚዎች ደንባቸውን ራሳቸው ሲያወጡ፣ አጥፊውንም በመጠኑ ሲቀጡ፣ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሳይጠፋ ሊኖር እንደሚችል አስረድታለች፤ በዚህም ሥራዋ በ2009 በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤልን ሽልማት ለመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆናለች። የሀብሩ ገበሬ ይህን መጽሐፍ ባያነበው የሚጎድልበት ነገር አልነበረም፤ ሥርዓቱን በእጁ ይዞታልና። መጽሐፉን ሊያነበው የሚገባው በጀት የሚመድበው ሰው ነው።

አሁን ወደ መዋጮና ድጎማ ታሪክ ልለፍ። በአገራችን መንግሥትና ሕዝብ ለአንድ ሥራ መዋጮ የሚያገናኙበት ልማድ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት፣ የሕዝባዊ ኑሮ ዕድገት ሥራ በመንግሥት ደረጃ ተቋቁሞ ሠራተኞች ሠልጥነው ወደየገጠሩ ተልከዋል፤ ከዚያም ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ መንግሥትና ስዊድን ገንዘብ፣ የአካባቢው ሕዝብም መዋጮውን እየጨመረ በየጠቅላይ ግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። በደርግ ዘመን በወሎ ተራራዎች ላይ ለሥራ ዋጋ እህል እየተከፈለ እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቷል፤ ችግኝ ተተክሏል፤ ተራራም ከልቅ ግጦሽ ተከልክሏል። ሥራው በቴክኒኩ መልካም ነበረ፤ ይሁን እንጂ የት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ሣሩንና እንጨቱን ማን እንደሚካፈለው የወሰነው ሕዝቡ ስላልነበረ፣ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ በብዙ ስፍራ የተከለከለው ደን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቈርጦ አለቀ፣ እርከኑም ፈረሰ። ሰው የራሱን ንብረት እንዲህ አያጠፋም፤ ያ ደን በዚያን ጊዜ በሕዝቡ ልብ ዘንድ የመንግሥት ንብረት ነበረና በመንግሥቱ መውደቅ አብሮ ወደቀ። ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ከየትም አናገኝም።

ከለውጡ በኋላ መንገዱን ለማረም ልዩ ልዩ ሙከራ ተደርጓል። በ1988 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተጠናከረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ፣ መንደሮች ራሳቸው የመረጡትን ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ጉድጓድና አነስተኛ መስኖ ሕዝቡ ከወጪው የራሱን ድርሻ ካዋጣ በኋላ ይረዳ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሀብሩን በመሰሉ የእህል እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር፣ ተጠቃሚው በጉልበቱ የሚሠራው የሕዝብ ሥራ በቀበሌው ምክክር እንዲመረጥ በመመሪያ ተደነገገ። በእነዚህ በሁለቱም ሕዝቡ ሥራውን ይመርጥ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እስከ መጨረሻው በሌላ እጅ ይቈይ ነበር።

ይህን የመጨረሻ ድንበር የተሻገረው ሙከራ የተጀመረው እዚሁ በአማራ ክልል ስለሆነ፣ በሰፊው ልናገርለት እወዳለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 የፊንላንድ መንግሥት ከክልሉ ጋር በመተባበር የገጠር ውሃ አቅርቦትና የአካባቢ ፕሮግራም አቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው እንደ ማናቸውም ፕሮጀክት ነበረ፤ ገንዘቡ በጽሕፈት ቤት ይያዛል፣ ሲሚንቶና ፓምፕ ከላይ ተገዝቶ ይላካል፣ ሕዝቡ የሚጠራው ለቁፋሮና ለድንጋይ ሸክም ብቻ ነው፤ ግዢው ሲዘገይ ሥራው ይዘገያል፣ በጀቱም ሳይሠራበት ዓመቱ ያልፋል። ከ1995/96 ዓ.ም. ወዲህ ግን የማኅበረሰብ ልማት ፈንድ የተባለ አዲስ አሠራር ተሞከረ፤ የግንባታው ገንዘብ ለውሃ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው እንዲተላለፍ ተወሰነ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ንጹሕ ውሃ የቸገራቸው ቤተሰቦች በአንድነት ተሰብስበው የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ውሃ የመቅዳት ሸክም በትከሻቸው ያለባቸው ሴቶች ናቸውና በኮሚቴው ውስጥ በብዛት እንዲገቡ ይደረጋል። ኮሚቴው የእጅ ጉድጓድ ይቈፈር ወይስ ምንጭ ይጐልብት የሚለውን ከወረዳው ባለሙያ ጋር መክሮ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወረዳው ቦታውን አይቶ፣ የውሃውን መኖርና የወጪውን ግምት መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ምክንያቱን ገልጾ ይመልሳል። ከተፈቀደ በኋላ ሕዝቡ ከወጪው የሚደርስበትን በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ ለመስጠት ይዋዋላል፤ ደግሞም ገና አንዲት ዶማ ሳትነሣ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የጥገና ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ድጎማው ወደ ኮሚቴው ሒሳብ ይገባል፤ ገንዘቡ የሚተላለፈውም ቅርንጫፎቹ እስከ ገጠር በደረሱት በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በተባለው በኩል ነበረ። ከዚህ በኋላ ሲሚንቶውን ዋጋ አጠያይቆ የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ የሠራበትን የሚከፍለው፣ ደረሰኙን ጠብቆ ሒሳቡን ለሕዝቡና ለወረዳው የሚያስረዳው ኮሚቴው ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍያ በአግባቡ ካላወራረደም የሚቀጥለውን አያገኝም። የመንግሥት ባለሙያ የሚቀርለት ሥራ ማሠልጠን፣ ጥራቱን መቈጣጠርና መምከር ነው።

በዚህ ሥርዓት የተጠረጠረው ነገር ሁሉ፣ ማለት ገበሬ ገንዘብ ቢሰጠው ያባክነዋል፣ ደረሰኝ መያዝ አያውቅም፣ ሴቶች በግዢ ሊሳተፉ አይችሉም የተባለው፣ በሥራው ተሽሯል። ቀድሞ ሳይሠራበት የሚያድረው በጀት በጊዜው ሥራ ላይ መዋል ጀመረ፤ በየዓመቱ የሚጠናቀቁት የውሃ ተቋማት ቍጥርም ከቀድሞው እጅግ በዛ። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ከዓመታት በኋላ የታየው ነው፤ በአገራችን ከሚሠሩት የገጠር የውሃ ተቋማት ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላሽተው ሲቆሙ፣ በዚህ መንገድ ከተሠሩት መካከል ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ውሃ ሲሰጡ መገኘታቸውን የፕሮግራሙ ግምገማዎች መዝግበዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፓምፑን የገዛው ኮሚቴ ዋጋውን ያውቃል፣ ከየት እንደተገዛ ያውቃል፣ ጎማው ባለቀ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ በእጁም የጥገና ገንዘብ አለው። ይህን በመመልከት አሠራሩ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ትግራይ፣ ወደ ኦሮሚያ፣ ወደ ደቡብና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተዛምቶ፣ በአገር አቀፉ የውሃና የንጽሕና ፕሮግራም ውስጥ ከታወቁት መንገዶች አንዱ ሆኗል።

ለትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ተደርጓል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በተማሪዎቹ ቍጥር ልክ የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ይደርሰው ጀመረ፤ ርእሰ መምህሩም ከወላጆችና ከመምህራን ኅብረት ጋር ሆኖ የማሻሻያ ዕቅድ አውጥቶ ለመጻሕፍት፣ ለመቀመጫ፣ ለመጸዳጃ ቤት እንዲያውለው ተደነገገ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበርም፣ አልማ የምንለው፣ ከሰፊው አባል በሚሰበሰብ መዋጮ በየወረዳው የመማሪያ ክፍሎችንና የጤና ተቋማትን ሲሠራ ኖሯል። የአንድ ሰው መዋጮ ለብቻው ሲታይ ሚዛን የሚያነሣ አይደለም፤ ነገር ግን አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዳሉት፣ ብዙ ሰው የተካፈለው ነገር ለማንም ሳይከብድ ለሁሉም ክብር ይሆናል።

በሌላው ዓለም የሆነውንም በጥቂቱ እንመልከት። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1988 ወዲህ የከተማው አስተዳደር ለየሰፈሩ ነዋሪዎች የሚሰጠው የድጎማ ሣጥን አለ፤ ነዋሪዎቹ በነፃ የሚሠሩበትን ሰዓት፣ የሚያመጡትን ቁሳቁስና የሚያዋጡትን ገንዘብ አስልቶ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ አስተዳደሩ ይጨምርላቸዋል። በዚህ ሥርዓት የድሀ ጉልበት በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ገንዘብ ተጽፎ ይከበራል። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ ድጎማ ፕሮግራም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ለመንደር ማኅበራት፣ ለረጅም ዘመን ከ50,000 የአሜሪካ ዶላር በማይበልጥ መጠን፣ ደንን፣ አፈርንና ብዝኀ ሕይወትን የሚጠብቁ ሥራዎችን ሲረዳ ኖሯል፤ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት።

ከጎረቤታችን ከኬንያ ግን ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። በነጻነት ጊዜ በመሪው በጆሞ ኬንያታ ጥሪ የተስፋፋው ሐራምቤ፣ ሕዝቡ በመዋጮ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሠራበት የተመሰገነ ሥርዓት ነበረ፤ እየቈየ ግን ፖለቲከኞች ስማቸውን የሚያስጠሩበት፣ ሹማምንትም ከድሀው መዋጮ በግዴታ የሚሰበስቡበት መሣሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 የወጣው የመንግሥት ሹማምንት የሥነ ምግባር ሕግ በዚህ ላይ ገደብ አበጀለት። በፈቃድ የተጀመረ ነገር ወደ ግዴታ ከተለወጠ፣ ድጎማም ሆነ መዋጮ ኅብረትን ያፈርሳል እንጂ አያጸናም።

ስለዚህ የሚነሡትን ተቃውሞዎች በቅንነት መመልከት ይገባናል። የመጀመሪያው፣ መዋጮ በድሀው ላይ ይከብዳል የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ፣ መሬት የሌለው ወጣት ከባለ በሬው እኩል ይክፈሉ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቅሬም ቢሆን ለአቅመ ደካማው ልዩ ሥርዓት አለው፤ ድጎማውም ይህንኑ ሥርዓት መከተል አለበት። ሁለተኛው፣ ጉልበተኛው ይቀማዋል የሚል ነው፤ ይህም ስጋት መሠረት አለው፤ መድኀኒቱም ፊርማውን ለብዙ ሰው ማካፈልና ሒሳቡን በአደባባይ ማንበብ ነው፤ በምስጢር የተያዘ ሒሳብ በጽሕፈት ቤትም ሆነ በመንደር እኩል ይበላሻልና። ሦስተኛውና ከባዱ፣ መንግሥት ግዴታውን ወደ ሕዝቡ ያሸጋግራል የሚል ነው። በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳላዛንፍ እናገራለሁ፦ ታላቁን ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የሆስፒታሉን ሐኪም፣ የመምህሩን ደመወዝ ሕዝቡ በደቦ ሊተካው አይችልም፤ ሊጠየቅም አይገባውም። አነስተኛ ድጎማ የሚገባበት ስፍራ መንደሩ ከባለሙያ ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ መንደሩም ሊጠግነው የሚችለው ሥራ ነው።

በዚህ በሰሜን ወሎ ዞን ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርግ ነገር ደርሶብናል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በነበሩት ወራት ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የውሃ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል፤ የሰውም ሕይወት ጠፍቷል። መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጡባቸው በእነዚያ ወራት ጎረቤት ለጎረቤቱ እህሉን አካፈለ፤ ሙታንንም ቀበረ። ከዚያ ወዲህ የመልሶ ግንባታ ሥራ በብዙ እጅ እየተሠራ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የሚመጣው ዕቅድ ታላላቁን ሕንፃ ሲያይ፣ የተሰበረውን የትምህርት ቤት መስኮት፣ የተነቀለውን የእጅ ፓምፕ፣ የተዘረፈውን የቅሬ ድንኳንና ድስት አያይም። እነዚህን የሚያየው በአካባቢው የሚኖረው ሰው ነው፤ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ቢገባ በአንድ በጋ ብዙውን ሊያቃና ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለወልድያ ከተማ፣ ለመርሳና ለሀብሩ የሚበጅ የሚመስለኝን ላቅርብ። የከተማውና የወረዳው ምክር ቤቶች ከየዓመቱ በጀታቸው ጥቂት ክፍል ለነዋሪዎች ድጎማ ለይተው ያስቀምጡ። ማመልከቻው በአንድ ገጽ፣ ግልጽ በሆነ አማርኛ ይሁን፤ መጻፍ የማይችል ማኅበርም በቃሉ ተናግሮ እንዲጻፍለት ይፈቀድ። ገንዘቡ ቅሬውን፣ የውሃ ተጠቃሚዎችን ማኅበር፣ የወላጆችን ኅብረት በመሰሉ አስቀድመው በቆሙ ማኅበራት በኩል ይሂድ፤ ከፈራሚዎቹም መካከል ሴቶች ይኑሩ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጥገናው ገንዘብ ይቀመጥ። ሒሳቡ በቅሬው ጉባኤ ይነበብ፤ በቀበሌው ግድግዳም ላይ ይለጠፍ። በከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲና የመርሳው የግብርና ኮሌጅ መምህራኖቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን፣ በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ባለሙያዎቹን ለምክርና ለቍጥጥር ያውሱ፤ ያለ ባለሙያ ዓይን የተገነባ የጉድጓድ ግንብ ሰው ሊገድል ይችላልና። በውጭ አገርና በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም የሚልኩትን ገንዘብ በዚሁ ሥርዓት እንዲያሳልፉ እለምናለሁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜውን ማክበር ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ገንዘቡ ተፈቅዶ፣ ተላልፎ፣ ግዢው ተፈጽሞ ወደ ሥራ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወሩ ግንቦት ወይም ሰኔ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ገበሬው በእርሻ ተይዟል፣ ወንዙ ሊሞላ ተቃርቧል፣ ባለሙያውም በጀቱ እንዳይመለስበት ይጣደፋል፤ በጥድፊያ የተሠራው ግንብ የመጀመሪያውን ጎርፍ አይሻገርም። በዚህ አገር የበልግ ዝናብም ስላለን ለግንባታ የሚመቸን ጊዜ አጭር ነው፤ መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ በልግ እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻውም የሚወጣው በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ ማመልከቻው በመስከረም ቀርቦ፣ ውሳኔው በጥቅምት ተሰጥቶ፣ ገንዘቡ ከኅዳር ሳያልፍ ማኅበሩ እጅ ሊገባ ይገባዋል። ጥቂት ገንዘብ በጊዜው ቢመጣ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ከሚመጣ ብዙ ገንዘብ የበለጠ ይሠራል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ከወጣችሁ በኋላ ሹማምንትን ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ በየቅሬያችሁ ተሰብስባችሁ ሦስት ነገር እንድትመክሩበት አደራ እላለሁ፦ በሰፈራችን መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው አንድ ሥራ የቱ ነው? ለዚህ ሥራ ከእኛ ዘንድ ምን አለ? የጎደለችው ገንዘብስ ስንት ናት? ይህን መልሶ የሚመጣ ማኅበር ለማኝ ተብሎ ሊናቅ አይችልም፤ ሥራውን ጀምሮ አጋር የሚፈልግ ባለቤት ነው። ሹማምንትም የዚህን ማኅበር ማመልከቻ ሲቀበሉ፣ የሚሰጡት ገንዘብ የሕዝቡ የራሱ መሆኑን፣ በእጁ ቢያስገቡለትም ከሥልጣናቸው አንዳች እንደማይጎድልባቸው ያስቡ። አንድ መንደር ምንጩን ሠርቶ ሒሳቡን በአደባባይ ካነበበ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ቀበሌው በጀትም፣ ስለ ወረዳው በጀትም እንዴት እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ልጆቹም ገንዘብ ያዡ በሕዝብ ፊት ቆሞ መልስ ሲሰጥ እያዩ ያድጋሉና፣ ነገ ሹመት ቢደርሳቸው መልስ መስጠትን እንደ ውርደት አይቈጥሩትም። ጥቂቱ ንዋይ ለአገር የሚያስገኘው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ እርሱንም ለማግኘት ከዚህ በጋ ጀምረን ብንነሣ አይከብደንም። ፈጣሪ የጀመርነውን ለፍጻሜ ያብቃን።